የታችኛው መሳቢያ

መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ የምትቀመጠውን ነርስ ሰው ሁሉ ራጅ ይላታል። ፊት ለፊቷ ሲስተር ናት፤ ራጅ የምትሆነው ዞር ስትል ነው። እሷም ታውቃለች፤ ታውቅና እንዳልሰማች ታልፈዋለች፤ ምክንያቱም በሆዷ ትወደዋለች። ቅጽል ስሙ የወጣላት እንዲህ ነው። አዲስ ታካሚ ከበሩ ተነስቶ መስኮቷ ጋ እስኪደርስ አሥራ አምስት እርምጃ ይራመዳል። እሱ እርምጃውን ሲጨርስ እሷ ሰውየውን ጨርሳዋለች። «ይሄ ይቆያል» ትላለች ከጎኗ ላለው ሰው፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ። ወይም ደግሞ «ይሄኛው ወር አይሞላም» ትላለች። እውነትም ወር ሳይሞላ ሰውየው ይጠፋል።

ክሊኒኩ የሱስ ሕክምና ክሊኒክ ነው። የሚመጡት ሄሮይን የያዛቸው፣ ወይም ሐኪም ለሕመም ብሎ ያዘዘላቸው ክኒን ቀስ በቀስ ጌታ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። ራጅ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሜታዶን የሚባለውን ፈሳሽ መድኃኒት በትንሽዬ ኩባያ እየለካች ትሰጣቸዋለች። እዚያው ፊቷ ይጠጣሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ያሳያሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይሄዳሉ። መድኃኒቱ መንቀጥቀጡንና ማስመለሱን፣ እንቅልፍ ማጣቱንም ያስታግስላቸውና ሥራቸውን ሠርተው፣ ከልጆቻቸው ጋር ተጫውተው እንዲያመሹ ያደርጋቸዋል። ደግ መድኃኒት ነው። አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ አለው፤ በየቀኑ ና ይላል። በየቀኑ መምጣት ደግሞ ለጤነኛም ቀላል አይደለም፤ ራጅ ራሷ የዓመት ፈቃዷ እስኪደርስ እንዴት ቀን እንደምትቆጥር ያየ ያውቀዋል። ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ሰው ካርዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቦታውም ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። እንደገና ልግባ ቢል ወራት ይጠብቃል። ስንቶቹ ደግሞ ያን ያህል ወር በሕይወት አልቆዩም፤ ይሄን ክሊኒኩ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም።

«እንዴት ነው የምታውቂው?» ሲሏት ራጅ ሻይዋን ፉት ብላ ታብራራለች። ከእናቱ ጋር የመጣ አይቆይም፤ መታከም የፈለገችው እናቱ ናታ። መድኃኒቱ መረረኝ ብሎ ፊቱን የሚያጨማድድ ይቆያል፤ ነገ የማይመጣ ሰው ስለ ጣዕም ምን አገባው? መስኮቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የጠየቀም ይቆያል። ስንት ሰዓት እንደሚከፈት የሚጠይቀው ግን ገና በማለዳ እነሳለሁ እያለ ራሱን የሚያታልል ነው። በመጀመሪያው ቀን «ሲስተር፣ ሕይወቴን አተረፍሽው!» ብሎ እጇን ለመሳም የሚንጠራራውንማ እርሱት። ይሄን ስትናገር ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር መጥረጊያዋን ተደግፋ ታዳምጣታለች።

ከወንበሯ በስተግራ ባለ ሁለት መሳቢያ የብረት ካቢኔ አለ። የታካሚዎቹ ካርድ እዚያ ውስጥ ነው። ይቆያሉ ያለቻቸውን ላይኛው መሳቢያ፣ አይቆዩም ያለቻቸውን ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ታስገባቸዋለች። በክፋት አልነበረም፤ የሥራ ዘዴ ነው። በየቀኑ የሚመጣ ሰው ካርድ እጅ በሚደርስበት ይሁን፤ ዛሬ ታይቶ ነገ የሚጠፋው ከነሱ ጋር ተቀላቅሎ ለምን ያደናግራል? ሦስት ወር የቆየ ወደ ላይ ይወጣል ብላ ነበር፤ የወጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ታችኛው መሳቢያ ደግሞ ግትር ነው። እሱን ለመክፈት ራጅ ከወንበሯ ተነስታ፣ ከመስኮቱ ሥር ጠፍታ፣ ተንበርክካ፣ አንዴ በቡጢ መምታት አለባት። ጓ! ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጓ ሲል ኖሯል፤ የሷም ቀኝ ጉልበት አብሮት አርጅቷል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ዶክተር ወደ ክሊኒኩ ተመደበ። ዶክተሩ አርባ ሁለት ጥያቄ ያለው ፎርም ይዞ ነው የመጣው። ዕድሜ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ስንት ዓመት ወሰድክ፣ ምን ያህል ትተኛለህ፣ ሌላ ሕመም አለብህ ወይ፣ ማን ጋ ነው የምትኖረው... መልሱ ሲደማመር መድኃኒቱ ለማን እንደሚበጅና ማን በጠዋቱ እንደሚያቋርጥ አስቀድሞ ያሳያል፤ አስቀድመን ካወቅን ደግሞ የሚያቋርጠውን ቀድመን እንረዳዋለን የሚል ሐሳብ ነበረው። ራጅ ፎርሙን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ዶክተር፣ ይሄን ሁሉ ጠይቀህ እስክትጨርስ እኮ ሰውየው ያቋርጣል» አለችው። በዕድሜ ልጇ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ አንተ ብትለው ቅር አይለውም፤ እሱ ግን እርስዎ ነው የሚላት።

ተወራረዱ ማለት ይቻላል። ሠላሳ አዲስ ታካሚዎች፣ ሦስት ወር። ዶክተሩ በፎርሙ፣ እሷ በዓይኗ። ጊዜው ሲደርስ ፎርሙ አሥራ ስምንቱን አወቀ፤ ራጅ ሃያ ስድስቱን። ዶክተሩ ወረቀቱን ሁለቴ ደመረው፤ ሃያ ስድስት ነው። ክሊኒኩ ጉድ አለ። ራጅ ያን ሳምንት መሬት አልረገጠችም። ዶክተሩ ቢሞት የማይዋሽ ልጅ ነውና፣ ፎርሙ ግርጌ ላይ አርባ ሦስተኛ ጥያቄ ጨመረበት፦ የሲስተር ግምት።

እንግዲህ ወንድሟ የመጣው ነገሩ እንዲህ በደመቀበት ሰሞን ነው።

ታናሽ ወንድሟ የወለል ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ ነው። እናታቸው ቶሎ ስላረፈች ያሳደገችው እሷ ናት ቢባል ውሸት አይሆንም። ጎበዝ ነበር፤ ሰው ቤት ለጠየቃ ሄዶ እንኳን ወለሉ ላይ የተጣመመ መስመር ካየ ወሬው አይገባውም። ከሦስት ዓመት በፊት የሴራሚክ ካርቶን ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ ወደቀና ወገቡ ተጎዳ። ለወገቡ ክኒን ታዘዘለት። ወገቡ ተሻለው፤ ክኒኑ ግን አለቅህም አለው። ከዚያ ወዲህ ያለውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሥራው ቀረ፣ ክብደቱ ቀነሰ፣ ሚስቱ ሳቅ ረሳች፣ የአራት ዓመት ልጁ «አባዬ ተኝቷል» ማለትን ከሁሉ ቃል በፊት አቀላጥፋ ቻለች።

ክሊኒኩ በር ላይ የታየ ዕለት ራጅ መስኮቷ ላይ ነበረች። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ታመጣዋለች፤ በእናት ፈንታ ሚስት መሆኑ ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል። አሥራ አምስቱን እርምጃ ሲራመድ እሷ ላለማየት ፈለገች፣ ግን ዓይኗ ልማዱን አይተውም። መጣና በመስኮቱ ቀዳዳ እጇን ያዘ። «እቴ፣ ሕይወቴን አተረፍሽልኝ» አላት። ቀጥሎ ደግሞ፣ ምን ይሻላል፣ «ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?» ብሎ ጠየቀ።

ራጅ ካርዱን ጻፈችለት። እጇ ወደ ላይኛው መሳቢያ ሊሄድ ቃጣው፤ ወዲያው ራሷን ገሠጸች። ዓይኔ ያየውን በሥጋ ዝምድና ልካደው? ተነሳች፣ ተንበረከከች፣ በቡጢ መታች። ጓ።

ይሄ ነገር ክሊኒኩን ዞረ። «ለገዛ ወንድሟ እንኳን አላዳላችም!» ተባለላት። እሷም አንድ ሁለቴ ራሷ አውርታዋለች። አንድ ቀን የወንድሟ ሚስት እሷ ከሥራ እስክትወጣ ጠብቃ፣ «እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ ይላሉ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ይቆያል?» አለቻት። ለሰው ሁሉ ፈርጠም ብላ የምትናገረው ራጅ ያን ዕለት «እናያለን» ብላ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሚስትየዋ ገባት፤ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ወንድሟም እንደተባለው መሆን ጀመረ። የመጀመሪያውን ሳምንት በጊዜ መጣ። ሁለተኛውን ሳምንት ሊዘጋ ሲል እየሮጠ መጣ፤ ሁለት ቀንም ቀረ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መድኃኒቱን ጠጥቶ ዓይኗን ሳያይ መሄድ አመጣ። ራጅ በሆዷ አለቀሰች። ግን ደግሞ፣ እውነቱ መነገር ካለበት፣ ከልቅሶዋ ሥር አንዲት ትንሽ ነገር «ብዬ ነበር» ትል ነበር። ለዚያች ነገር በኋላ ራሷን ይቅር ለማለት ብዙ ተቸግራለች።

በአራተኛው ሳምንት የራጅ ጉልበት አበጠ። ዶክተሩ አየውና፣ «ሲስተር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እንዳይንበረከኩ፣ ቤትዎ ይረፉ» አለ። መስኮቱን ቁስል ማሸጊያ ክፍል የሚሠራው ረጅሙ ነርስ ተረከበው። ረጅሙ ነርስ በበር ሲገባ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነው። ታችኛውን መሳቢያ አንዴ ሊከፍት ሞከረና፣ «እኔ እዚህ ድረስ ወርጄ ስመለስ ሰልፉ ይመሻል» ብሎ የሁለቱንም መሳቢያ ካርዶች አውጥቶ የጓንት ካርቶን ውስጥ በፊደል ተራ ደረደራቸውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ስለ ላይና ታች የነገረው ሰው አልነበረም። ቢነግሩትም አይሰማም ነበር፤ ቁስል የለመደ ሰው ሁሉም የሚድን ነው የሚመስለው።

ራጅ ሰኞ ዕለት ወንበሯ ላይ ስትመለስ በመጀመሪያ የፊርማ መዝገቡን ከፈተች። አየችና መነጽሯን ጠረገች። ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ ሰባቱንም ቀን መጥተዋል። አንዱ አንድ ቀን ቀርቷል፤ እሱም ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ነው። ወንድሟ ሰባቱንም ቀን ፈርሟል። ሁለቴም ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ገብቷል።

«ምን አድርገህላቸው ነው?» አለችው ረጅሙን ነርስ።

«ኧረ ምንም። ደህና አደራችሁ እላለሁ፣ እሰጣለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ? ብቻ ያ መሳቢያሽ ተበላሽቷል፤ ጥገና ንገሪ።»

ያን ዕለት ጠዋት ራጅ ካርቶኑን ገፋ አድርጋ ሰው ማስተናገድ ጀመረች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። ወንድሟ አልመጣም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ላይ ሹፌሩ መጣ። ሹፌሩ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን፣ መድኃኒቱን መውሰድ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ ሽማግሌ ቢባል እሱ ነው። ጠጣ፣ አፉን ከፍቶ አሳየ፣ ፈረመ፣ ግን አልሄደም።

«ሲስተር፣ ካርቶኑ ጥሩ ነው» አላት።

«መሳቢያው ምን አደረገዎት ጋሼ?»

ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ሰልፉ ማለቁን አረጋገጠ። «እንዳትቆጪኝ። እኛ እኮ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ ሰው በመጣ በማግስቱ አንቺ ከወንበርሽ ከተነሳሽ ሰልፉ በሙሉ ዝም ይላል። ከመስኮቱ ሥር ስትጠፊ አንዱ ውይ ይላል። ጓ ሲል አለቀ። ሰውየው ምንድነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው ክፉ አይደለም፣ ግን ወሬ ይወዳል፣ ይነግረዋል። ታች ነህ ይሉታል። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አንቺ ወርደሽ እስክትወጪ እሱ እዚህ ጋ ቆሞ ጫማውን ያያል፤ ከኋላው ሃያ ሰው እሱን ያያል።»

ራጅ እጇ ላይ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት።

«ምን ብለን? አንቺ እኮ ተሳስተሽ አታውቂም። ራጅ ካለች አለቀ ነው የሚባለው። አንዱ ልጅ ባለፈው ዓመት ምን አለ መሰለሽ? እሷ ሐኪም ሆና አይታኝ አይሆንም ካለች እኔ በየቀኑ የምመላለሰው ለምንድነው አለ። በነጋታው ቀረ።»

«እርስዎስ? እርስዎ ላይ ነበሩ አይደል?»

ሹፌሩ ሳቀ። «ኧረ ታች ነበርኩ! ረስተሽው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስትንበረከኪ አይቻለሁ። እኔን ያቆየኝ እልህ ነው። ይቺ ሴትዮ ጉልበቷ ይውለቅ እንጂ አልቀርም አልኩ። ግን ሲስተር፣ እልህ ሁሉም ሰው የለውም።»

ራጅ ልትጠይቅ ፈራች፤ ቢሆንም ጠየቀች። «ወንድሜም ያውቃል?»

«እሱንማ ማንም አልነገረውም» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ። «የዛን ዕለት ከኋላው ነበርኩ። ስትንበረከኪ ገና ጓ ሳይል ነው ነገሩ የገባው። ያለፈውን ሳምንት ሰው ሆኖ ነበር፤ ከረጅሙ ጋር እየቀለደ፣ እየሳቀ። ትናንት ረጅሙ ነገ ሲስተር ትመለሳለች ሲለን ዝም አለ።»

ሹፌሩ ሲሄድ ራጅ መስኮቱን ዘጋችና እዚያው ቁጭ አለች። የአሥራ አንድ ዓመት ሰዎች አንድ በአንድ መጡባት። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከእናቱ ጋር የመጣው ተማሪ፣ ሁለት ልጆቿን ደጅ አስቀምጣ የምትገባዋ ልብስ ሰፊ፣ ሁልጊዜ የሚያስነጥሰው የባንክ ሠራተኛ። ሁሉንም ትክክል ገምቻለሁ ብላ ስትኮራባቸው ኖራለች። ፊት ነስታቸው ነበር ለካ፤ በየቀኑ፣ በሰው ፊት፣ ተንበርክካ።

ማክሰኞም ወንድሟ አልመጣም። ሁለት ቀን ሆነ ማለት ነው። ራጅ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀጥታ ዶክተሩ ቢሮ ገባችና ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረችው፤ መሳቢያውን፣ ሰልፉን፣ ጓ ማለቱን። ዶክተሩ መጀመሪያ እንደ ሐኪም ሊከራከር ሞከረ። አንድ ሳምንት አጭር ነው፣ አሥራ አራት ሰው ጥቂት ነው፣ ረጅሙ ነርስ ተጫዋች በመሆኑም ሊሆን ይችላል አለ። እያወራ እያወራ ድምፁ ቀነሰና ያን የሠላሳ ሰው ወረቀት ከፋይሉ አወጣው። ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ስለዚህ የለካነው ታካሚዎቹን አይደለም» አለ። «የለካነው እርስዎን ነው።»

«ጭራሽ ዓይን የለኝም ማለት ነው?»

«አይደለም ሲስተር። ከነዚህ ውስጥ በትክክል ያዩዋቸው ይኖራሉ፤ እናት ይዛው የመጣችው ልጅ ምናልባት በራሱም ጊዜ ይሄድ ነበር። ችግሩ አሁን የትኛው የትኛው እንደሆነ አንለይም። ይሄን መሳቢያ ፎርሜ ላይ አርባ ሦስተኛ አድርጌ የጨመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።» እስክሪብቶውን አንስቶ አርባ ሦስተኛውን ጥያቄ ሁለቴ ሰረዘው። ልጁ ቅን ነው፤ ሲሰርዝ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ወንድምዎ ግን?»

«ዛሬም አልመጣም።»

«ነገ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ራጅ። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ አውቃለሁ ማለት ሲያስጠላት ይሄን ብቻ ታውቅ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች፤ ዝግ ነው። ስልክ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ ክኒን ያገኘ ሰው ስልኩን ይዘጋል። ይሄንን አሰበችና አፏን በእጇ ያዘች፤ ገና አሁንም ትገምታለች። ሚስቱ ጋ ደወለች፤ ሚስቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ላይ ናት፣ «ጠዋት ተኝቶ ነው የተውኩት እትዬ፣ እኔ እንጃ» አለቻት። አምስት ሰዓት ላይ ራጅ ከወንበሯ ተነሳች።

ረጅሙን ነርስ ከቁስል ክፍል ጎትታ አመጣችው። «ተቀመጥ» አለችው።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሰው ላመጣ።»

ረጅሙ ነርስ አፉን ከፈተ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራጅ ከዚያ መስኮት ተነስታ ማንንም ልታመጣ ወጥታ አታውቅም። የሚቆየው ይመጣል፣ የማይቆየው አይመጣም፤ ምን ልትሠራ ትወጣለች? ጋውኗን እንኳን አላወለቀችም። እያነከሰች መንገድ ስትሻገር አንድ ባለ ታክሲ «ሲስተር፣ ሰው ታሞብሽ ነው ወይስ አንቺን አሞሽ ነው?» ብሎ ቀለደባት፤ ሌላ ቀን ቢሆን መልስ ነበራት፤ ዛሬ «ቶሎ ንዳ» ብቻ አለችው።

ወንድሟ የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ራጅ አንደኛው ፎቅ ላይ ቤቱን የሠራውን ሰው ረገመች፣ ሁለተኛው ላይ ጉልበቷን ረገመች፣ ሦስተኛው ላይ ራሷን። አራተኛው ላይ ስትደርስ የሚረገም ነገር አልቆ ትንፋሽ ብቻ ቀርቷት ነበር። በሩ አልተቆለፈም።

ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል። ላብ አጥምቆታል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ያዛጋል፣ ጉልበቱ ራሱን ችሎ ይዘላል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ክኒን ያገኘ ሰው ደግሞ እንዲህ አይሆንም። ራጅ ይሄን ከበሩ ላይ አይታ ወደ ውስጥ ገባች።

«ምንም አልወሰድክም?» አለችው።

«አልወሰድኩም።»

«ስልክህስ?»

«ክኒን የሚሸጥልኝ ሰውዬ እየደወለ አላስቀምጥ ሲለኝ ዘጋሁት።» ቀና ብሎ አያት። «ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልወስድህ ነዋ።»

«ተይው እቴ። እንደማልቆይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቂያለሽ። ልሞክር አልኩ፤ እውነቴን ነው ሞከርኩ። ግን በየቀኑ ሰው ፊት ስትንበረከኪልኝ ማየት አቃተኝ። ሌላው ቢለኝ ምንም አልነበረም። አንቺ እኮ ነሽ ያሳደግሽኝ። አንቺ አይሆንም ካልሽ ማነው ይሆናል የሚለኝ?»

ራጅ ከጎኑ ተቀመጠች። አልጋው በእሱ መንቀጥቀጥ እሷንም ያነቃንቃታል። ልትናገር ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ሹፌሩ፣ ዶክተሩ ስለሰረዘው ጥያቄ። ሁሉም ጠፋባት።

«በደልኩህ» አለች። «ወንድሜ፣ በደልኩህ። አንተንም ሌሎቹንም። እውነት ያየሁ መስሎኝ ነው።» እንባዋ መጣ፤ በጋውኗ እጅጌ ጠረገችው። «መሳቢያው የለም አሁን። ሁላችሁም አንድ ላይ ናችሁ።»

ወንድሟ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ።

«እሺ አሁንስ?» አላት በመጨረሻ። «አሁን ስታዪኝ እቆያለሁ?»

ዓይኗ ልማዱን ሊጀምር ሲል ተሰማት፤ ጢሙ አልተላጨም፣ ተነሳ ቢሉት ይነሳል ወይ፣ እጁ... ተወችው። መስኮት ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ አንደበቷ የማያውቀውን ቃል ፈልጋ አወጣች።

«አላውቅም» አለችው።

«አታውቂም?» ሳያምናት አያት። «ራጅ አታውቅም?»

«አላውቅም አልኩህ እኮ። ባውቅማ ኖሮ፣ እንደምትቀር ባውቅ፣ እንደምትመጣም ባውቅ፣ በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ ምን አስወጣኝ?»

ወንድሟ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። እሷም አላባበለችውም፤ እስኪወጣለት ጠበቀችው። መስኮቱ የሚዘጋበት ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተነስቶ ጃኬቱን ይፈልግ ጀመር።